ብረት፣ ውሃና ዲ.ኤን.ኤ.፦ የአንድ ሳይንሳዊ ጥያቄ ታሪክ

መግቢያ

የኬሚስትሪ ትምህርት በሰሌዳ ላይ ሲሰጥ እያንዳንዱ ውህድ በቀመሩ ይወከላል። ቀመሩ ውህዱ ከየትኞቹ አተሞች እንደተገነባና አተሞቹ እርስ በርስ እንዴት እንደተሳሰሩ ያመለክታል። ተማሪውም ቀመሩን በደብተሩ ከገለበጠ በኋላ ውህዱን ያወቀው ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በሰሌዳ ላይ የተጻፈው ውህድ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ እንደተጻፈው ሆኖ መቆየቱና አለመቆየቱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። አንድ መድኃኒት በሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ ሥራውን የሚሠራው በሰሌዳው ላይ ባለው መልኩ ሳይሆን በውሃ ውስጥ በያዘው መልኩ ስለሆነ፣ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የሰው ሕይወት የሚድንበት ወይም የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

ይህን ጉዳይ በግልጽ ከሚያሳዩት የሳይንስ ታሪኮች አንዱ ብረት ያዘሉ ውህዶች በሙሙት ውስጥ ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር እንዴት እንደሚገናኙ ለማወቅ የተደረገው ጥረት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። «ብረት» ሲባልም አይረን የተባለውን አንድ ንጥረ ነገር ሳይሆን የብረታ ብረትን ወገን በጠቅላላው ያመለክታል።

ወደ ታሪኩ ከመግባት በፊት ሁለት ስያሜዎችን መለየት ያስፈልጋል። በጥብቅ ትርጉሙ ኦርጋኖሜታሊክ የሚባለው ውህድ ቢያንስ አንድ የብረት አተም ከካርቦን አተም ጋር በቀጥታ የተሳሰረበት ነው። ብረቱ እንደ ናይትሮጅን፣ ኦክሲጅን ወይም ክሎሪን ካሉት አተሞች ጋር ብቻ ተጣምሮ ሲገኝ ግን ውህዱ የኮኦርዲኔሽን ውህድ ይባላል። ሁለቱ ወገኖች የተለያዩ ቢሆኑም ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር ባላቸው ግንኙነት ታሪካቸው የተያያዘ ስለሆነ አንዱን ያለ ሌላው መረዳት አይቻልም።

የብረት ውህዶች ጥናት አጀማመር

የዴንማርክ ተወላጅ የሆነው ኬሚስት ዊሊያም ክሪስቶፈር ዛይዘ በ1820ዎቹ መጨረሻ ላይ የፕላቲነም ክሎራይድንና አልኮልን አገናኝቶ ቢጫ ጨው አገኘ። በዚህ ጨው ውስጥ ኤቲሊን የተባለው ካርቦናዊ ሞለኪውል ከፕላቲነም ጋር በቀጥታ የተሳሰረ ሲሆን፣ የትስስሩ ባሕርይ በሚገባ እስኪታወቅ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ጊዜ አልፏል። በዚህም ምክንያት የዛይዘ ጨው ከመጀመሪያዎቹ ኦርጋኖሜታሊክ ውህዶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

በ1840ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሚኬሌ ፔይሮኔ የተባለ ኢጣሊያዊ ኬሚስት ፕላቲነም፣ አሞኒያና ክሎሪን ያለበት ሌላ ቢጫ ውህድ ሠራ። በዚያው ዘመን በይዘቱ ከዚህ ጋር ፍጹም አንድ የሆነ፣ በጠባዩ ግን የተለየ ሌላ ውህድ ተገኝቶ ነበር። ከአንድ ዓይነት አተሞች በእኩል ቁጥር የተሠሩ ሁለት ነገሮች እንዴት ሊለያዩ እንደቻሉ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። እንቆቅልሹን በ1893 የፈታው አልፍሬድ ቬርነር ነው። በእርሱ ገለጻ መሠረት ፕላቲነሙ በመካከል ሆኖ አራቱ ተጣማሪዎቹ በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ በአራት ማዕዘን ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ሁለቱ ክሎራይዶች ጎን ለጎን ከሆኑ ውህዱ «ሲስ»፣ ፊት ለፊት ተቃራኒ ከሆኑ ደግሞ «ትራንስ» ይባላል። የፔይሮኔ ውህድ የሲሱ ዓይነት ነበር። ቬርነር ስለ ብረት ውህዶች አሠራር ላበረከተው ሥራ በ1913 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የፔይሮኔ ውህድ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ከሕይወት ሳይንስ ጋር ምንም ግንኙነት ያለው መሆኑ ሳይታሰብ በኬሚስቶች መደርደሪያ ላይ ቀርቷል።

ዲ.ኤን.ኤ. በሙሙት ውስጥ

ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በ1953 የዲ.ኤን.ኤ.ን ጥንድ ጥምዝ ቅርጽ አስታወቁ። ለግኝቱ መሠረት ከሆኑት ማስረጃዎች ዋነኛው በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በሮዛሊንድ ፍራንክሊንና በሞሪስ ዊልኪንስ ዘንድ የተካሄደው የኤክስሬይ ጥናት ነበር። ቅርጹ ከታወቀ በኋላ አንድ ብረት ዲ.ኤን.ኤ.ን በየት በኩል ሊይዘው እንደሚችል በሥርዓት ለመጠየቅ ተቻለ። የጥምዙ ውጫዊ ክፍል ኔጋቲቭ ሙል ባላቸው ፎስፌቶች የተሠራ ስለሆነ ፖዘቲቭ ሙል ያላቸውን ብረቶች ይስባል። በውስጥ ያሉት አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን የተባሉት ቤዞች ብረት ሊይዙ የሚችሉ የናይትሮጅን አተሞች አሏቸው። በተደራረቡት የቤዝ ጥንዶች መካከል ደግሞ 0.34 ናኖሜትር ያህል ርቀት ስላለ፣ ጥምዙ ጥቂት ሲለጠጥ ጠፍጣፋ ሞለኪውል በመካከላቸው ሊሰካ ይችላል። ይህ ሦስተኛው የአያያዝ ዓይነት በ1961 ሊዮናርድ ለርማን አክሪዲን በተባሉት ቀለሞች ላይ ባደረገው ጥናት ቀርቧል።

ሞለኪውሎቹ በዓይን የማይታዩ እንደመሆናቸው መጠን ተመራማሪዎቹ የሚመሩት በሙሙቱ ጠባይ ነበር። ዲ.ኤን.ኤ. 260 ናኖሜትር በሚሆን የሞገድ ርዝመት አካባቢ አልትራቫዮሌት ብርሃንን አጥብቆ ይውጣል። ሙሙቱ ሲሞቅና ሁለቱ ክሮች ሲለያዩ የሚዋጠው ብርሃን ይጨምራል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፖል ዶቲ፣ ጁሊየስ ማርሙርና ባልደረቦቻቸው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባካሄዱት ጥናት ይህ ለውጥ የዲ.ኤን.ኤ. መለኪያ ሆኖ እንዲያገለግል አደረጉ። ከዚህም ሌላ የሙሙቱ ዝልግልግነት ረጅሙ ሞለኪውል መዘርጋቱን ወይም መኮማተሩን ያስታውቃል።

በእነዚህ ዘዴዎች መጀመሪያ ከተመረመሩት ብረቶች አንዱ ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪ ክሎራይድ በዲ.ኤን.ኤ. ሙሙት ውስጥ ሲጨመር ዝልግልግነቱ እንደሚቀንስ፣ ሜርኩሪው ሲወገድም ለውጡ ሊመለስ እንደሚችል በ1952 ታትሞ ወጣ። ሜርኩሪ ሁለት እጆች ያሉት ያህል ስለሆነ በአንደኛው ክር ላይ ያለውን ታይሚን በሌላው ክር ላይ ካለው ታይሚን ጋር ሊያስተሳስር ይችላል። በ1966 ደግሞ በካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም ዴቪድ ግሩንዌደልና ኖርማን ዴቪድሰን ሜቲልሜርኩሪን፣ ማለትም አንደኛው እጁ በካርቦን የተያዘውን ሜርኩሪ መረመሩ። ይህ ትክክለኛ ኦርጋኖሜታሊክ ውህድ ክሮቹን የሚያስተሳስርበት ሁለተኛ እጅ ስለሌለው ቤዞቹን አንድ በአንድ ይይዛል። ጥንዶቹን የሚያያይዘውን የሃይድሮጅን ስፍራ ስለሚወስድም ሙሙቱ ሳይሞቅ ሁለቱን ክሮች ይለያያል። አንድ ዓይነት ብረት፣ አንድ የካርቦን ትስስር ስለተጨመረበት ብቻ፣ ከማስተሳሰር ወደ መለያየት ተለወጠ ማለት ነው። ሜቲልሜርኩሪ ከክሎራይድም ጋር አጥብቆ የሚጣመር በመሆኑ ሙከራው በሙሙቱ ውስጥ ባሉት ሌሎች አዮኖች ላይ የተመሠረተ ነበር። ይህ ነጥብ በቀጣዩ የታሪኩ ምዕራፍ ዋና ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ያልተጠበቀው የባክቴሪያ ለውጥ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሚሺገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የፊዚክስ ባለሙያ ባርኔት ሮዘንበርግ ስለ ብረት ውህዶችም ሆነ ስለ ካንሰር የሚያጠና ሰው አልነበረም። የሚከፋፈል ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚያሳየው ቅርጽ በማግኔት ዙሪያ የሚሰለፈውን የብረት ዱቄት ስለሚመስል፣ የኤሌክትሪክ መስክ በሕዋስ መከፋፈል ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ለማየት ፈለገ። ከሎሬታ ቫን ካምፕና ከቶማስ ክሪጋስ ጋር በመሆንም ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ በሚያሳድግ ፈሳሽ ውስጥ ሁለት የፕላቲነም ኤሌክትሮዶች አስገብቶ ኤሌክትሪክ አሳለፈ። ፕላቲነም የተመረጠው ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ የማይዋሐድ ብረት ነው ተብሎ ስለሚታመን ነበር።

ባክቴሪያዎቹ ማደጋቸውን ሳያቆሙ መከፋፈላቸውን አቆሙ። አንዳንዶቹም ከተለመደው ርዝመት እስከ 300 እጥፍ የደረሱ ክሮች ሆኑ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ መከፋፈሉ እንደገና ጀመረ። ውጤቱ የሮዘንበርግን የመጀመሪያ ሐሳብ የሚደግፍ ይመስል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን በዚህ ሳይረኩ ምክንያቱን አንድ በአንድ ሲመረምሩ ለውጡን ያመጣው የኤሌክትሪክ መስኩ አለመሆኑን ደረሱበት። ፈሳሹ አሞኒየም ክሎራይድ ስለነበረበት ከኤሌክትሮዶቹ በጥቂቱ የሟሟው ፕላቲነም ከአሞኒያና ከክሎራይድ ጋር ተዋሕዶ አዳዲስ ውህዶች ሠርቶ ነበር። ከዚህም በላይ የታወቀ የፕላቲነም ጨው በአዲስነቱ ሲሞከር ይህን ለውጥ ሳያመጣ፣ ሙሙቱ ብርሃን እያገኘው ከቆየ በኋላ ግን ማምጣቱ ታየ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም አልተለወጠም፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ግን ተለውጦ ነበር።

የምርምሩ ውጤት በ1965 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ወጣ። ከሚሠሩት ውህዶች መካከል አንዱ የፔይሮኔ ውህድ ሲሆን በኋላ ሲስፕላቲን ተብሎ ተሰየመ። የሕዋስን መከፋፈል የሚያግድ ነገር ያለ ልክ የሚከፋፈለውን የካንሰር ሕዋስም ሊያግድ እንደሚችል በመገመት በአይጦች ላይ ተሞከረ፤ ዕጢዎችን የማጥፋት ኃይል እንዳለውም በ1969 ታወቀ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሕሙማን መሰጠት ተጀመረ። በ1974 ሎውረንስ አይንሆርን በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሲስፕላቲንን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር አጣምሮ የዘር ፍሬ ካንሰር ለያዛቸው ወጣቶች መስጠት ጀመረ። ቀደም ሲል ይህ በሽታ በሰውነት ውስጥ ከተሰራጨ በኋላ የሚድኑት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኞቹ የሚድኑበት በሽታ ሆኗል። መድኃኒቱ በአሜሪካ በ1978 በይፋ ተፈቀደ።

ውሃና ጨው

ሲስፕላቲን በኮኦርዲኔሽን ውህዶች ወገን የሚመደብ ነው፤ ፕላቲነሙ ከካርቦን ጋር አልተሳሰረም። ይሁን እንጂ በኋላ የመጡት ኦርጋኖሜታሊክ ውህዶች ሁሉ የተመዘኑት በእርሱ ስለሆነ በውሃ ውስጥ የሚያደርገውን በዝርዝር ማወቅ ተገቢ ነው።

ሲስፕላቲን በራሱ ሙል የለውም፤ ከዲ.ኤን.ኤ. ጋርም በቀጥታ እምብዛም አይዋሐድም። ውሃ ውስጥ ሲገባ አንደኛው ክሎራይድ ቀስ በቀስ ስፍራውን ለውሃ ሞለኪውል ይለቃል። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክሎራይድ በሌለበት ውሃ ውስጥ ከሞለኪውሎቹ ግማሽ ያህሉ ይህን ለውጥ ለማድረግ 2 ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። ክሎራይዱን ለቆ ውሃን የያዘው ፕላቲነም ፖዘቲቭ ሙል ስለሚኖረው ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ፎስፌቶች ይሳባል። ከዚያም ውሃውን ጥሎ በጓኒን ላይ በ7ኛ ቁጥር የሚታወቀውን የናይትሮጅን አተም ይይዛል። ሁለተኛው ክሎራይድም በተራው ሲለቅ ፕላቲነሙ ሌላ ቤዝ ይጨብጣል።

ይህ ለውጥ ወደፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ ነው። በሙሙቱ ውስጥ ክሎራይድ ሲበዛ ውህዱ እንዳለ ይቆያል፤ ሲያንስ ግን ክሎራይዱን እየለቀቀ ውሃን ይይዛል። በሰው ደም ውስጥ ያለው ክሎራይድ በሊትር 100 ሚሊሞል ያህል ሲሆን በሕዋስ ውስጥ ያለው ከዚህ እጅግ ያነሰ፣ ከ4 እስከ 20 ሚሊሞል ያህል ነው። ስለሆነም መድኃኒቱ በደም ውስጥ በአመዛኙ ታግዶ ይጓዛል፤ ወደ ሕዋስ ከገባ በኋላ ግን ሥራውን ይጀምራል። በሐኪም ቤት ሲስፕላቲን ክሎራይድ በሌለው ውሃ ሳይሆን ጨው ባለበት ሙሙት የሚቀጠነው በዚሁ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ መጀመሪያ በተሞከረባቸው ዓመታት በኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ስለነበር ሥራው ሊቋረጥ ደርሶ ነበር። ለሕመምተኛው ፈሳሽ በብዛት መስጠት ከተለመደ በኋላ ግን ጉዳቱ ተቀነሰ።

የመያዝና የማጣመም ልዩነት

የሲሱ ውህድ መድኃኒት ሲሆን የትራንሱ ውህድ ግን ካንሰርን አያጠፋም። ሁለቱም ክሎራይዳቸውን ለውሃ ይለቃሉ፤ ሁለቱም ዲ.ኤን.ኤ.ን ይይዛሉ። እስቲፈን ሊፓርድና ባልደረቦቹ በ1979 ባወጡት ጥናት ሁለቱም ቀለበት ቅርጽ ያለውን ዲ.ኤን.ኤ. እንደሚያሳጥሩና ጥምዙን እንደሚፈቱ አሳይተዋል። በመሆኑም አንድ ውህድ ዲ.ኤን.ኤ.ን መያዙ ብቻ መድኃኒት ለመሆን በቂ እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ።

መልሱ የተገኘው የትኞቹ ቤዞች እንደሚያዙ በመቁጠር ነው። በ1985 በኔዘርላንድ አን ማሪ ፊክቲንገር-ሼፕማን፣ ያን ሬዳይክና ሌሎችም እንዳሳዩት ሲስፕላቲን ከሚፈጥራቸው ትስስሮች 65 በመቶ ያህሉ በአንድ ክር ላይ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ጓኒኖች መካከል፣ ሩቡ ያህል ደግሞ ጎን ለጎን ባሉ አዴኒንና ጓኒን መካከል ነው። የትራንሱ ውህድ ሁለቱ እጆች በተቃራኒ አቅጣጫ የተዘረጉ ስለሆኑ ጎን ለጎን ያሉትን ቤዞች አንድ ላይ ሊይዝ አይችልም። ቬርነር በ1893 በቀመር ደረጃ የለየው ልዩነት ከ90 ዓመት በኋላ የመዳንና ያለመዳን ልዩነት መሆኑ ታወቀ።

በ1995 የሊፓርድ ቡድን ሲስፕላቲን የያዘውን ጥንድ ጥምዝ በክሪስታል መልክ መርምሮ ጥምዙ በተያዘበት ስፍራ ላይ በግልጽ እንደሚታጠፍ አሳየ። ከዚያ ቀደም ሲል በ1992 ይህን የታጠፈ ስፍራ ለይተው የሚይዙ የሕዋስ ፕሮቲኖች መኖራቸው ታውቆ ነበር። ስለዚህ ፕላቲነሙ የጽሑፉን አንድ ፊደል እንደ መፋቅ ሳይሆን ገጹን እንደ ማጠፍ ያለ ሥራ ይሠራል፤ ሕዋሱም የታጠፈውን ገጽ ማንበብና መቅዳት ይሳነዋል።

የቲታኒየም ተስፋና ውድቀት

በ1951 ፌሮሲን የተባለው፣ አንድ የአይረን አተም በሁለት የካርቦን ቀለበቶች መካከል የተቀመጠበት ውህድ መታወቁ የኦርጋኖሜታሊክ ኬሚስትሪን አዲስ ዘመን ከፈተ። ኤርንስት ኦቶ ፊሸርና ጄፍሪ ዊልኪንሰን በዚህ መስክ ባደረጉት ሥራ የ1973ን የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከዚሁ ወገን ከተሠሩት ውህዶች አንዱ ቲታኖሲን ዳይክሎራይድ ሲሆን፣ በውስጡ ቲታኒየም ከሁለት የካርቦን ቀለበቶችና ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ክሎራይዶች ጋር ተሳስሯል።

የጀርመን ተመራማሪዎች ሃርትሙት ኮፕፍና ፔትራ ኮፕፍ-ማየር ይህ ውህድ የአይጥ ዕጢዎችን እንደሚያጠፋ በ1979 አስታወቁ። ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ክሎራይዶች ሲስፕላቲንን ስለሚያስታውሱ ውህዱ በዚያው መንገድ ይሠራል ብሎ መገመት ቀላል ነበር። ግምቱ ግን የተመሠረተው በቀመሩ ላይ ነበር። በ1985 ጄፍሪ ቶኒና ቶቢን ማርክስ በውሃ ውስጥ የሚሆነውን ሲከታተሉ ነገሩ የተለየ ሆኖ ተገኘ። ቲታኖሲን ክሎራይዶቹን እንደ ሲስፕላቲን በሰዓታት ሳይሆን እጅግ በፍጥነት ይለቃል። አሲድነቱ በቀነሰ፣ ደምን በሚመስል ሙሙት ውስጥ ደግሞ የካርቦን ቀለበቶቹም ቀስ በቀስ እየተለዩ ቲታኒየሙ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል። ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር ሲገናኝም ከቤዞቹ ናይትሮጅን ይልቅ የፎስፌቱን ኦክሲጅን ይመርጣል። ውህዱ በ1990ዎቹ በሕሙማን ላይ ቢሞከርም የተጠበቀውን ያህል ውጤት ባለመስጠቱ ሙከራው ቆመ። በወረቀት ላይ የሚመሳሰሉ ሁለት ውህዶች በውሃ ውስጥ ፍጹም የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የሩቴኒየም ውህዶች

ከዚህ ልምድ በመነሣት ተመራማሪዎች በውሃ ውስጥ የካርቦን ቀለበቱን የማይለቅና ክሎራይዱን ግን በልክ የሚለቅ ብረት ፈለጉ። ሩቴኒየም ለዚህ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። በ2001 በኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ሳድለርና ባልደረቦቹ ያቀረቧቸው የሩቴኒየም ውህዶች ሦስት እግር ያለው በርጩማ ይመስላሉ። መቀመጫው የካርቦን ቀለበት ነው፤ ከእግሮቹ ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች ሲሆኑ ሦስተኛው ክሎራይድ ነው።

በሙሙት ውስጥ ክሎራይዱ ለውሃ ስፍራውን ይለቃል፤ ውሃውም በተራው ለጓኒን 7ኛ ናይትሮጅን ይለቃል። እስከዚህ ድረስ አካሄዱ የሲስፕላቲን ነው። ነገር ግን መቀመጫው ሰፊና ጠፍጣፋ ሲሆን በቤዞቹ መካከል እንደ ሽብልቅ ሊሰካ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ውህድ በአንድ ጊዜ ሁለት የአያያዝ መንገዶችን ይጠቀማል፤ በብረቱ ይይዛል፣ በካርቦን ቀለበቱ ይሰካል። ቪክቶር ብራቤክና ባልደረቦቹ በቼክ ሪፐብሊክ በዲ.ኤን.ኤ. ሙሙት ላይ ያደረጉት ጥናት ይህን የሚያጠናክር ነው።

ሆኖም የሙሙት ጥናት የራሱ ወሰን ያለው መሆኑ በዚሁ ብረት ታይቷል። ፖል ዳይሰንና ባልደረቦቹ በ2001 ራፕታ-ሲ የተባለውን የሩቴኒየም ውህድ ሲያቀርቡ በመጀመሪያ የተመለከቱት በዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ ነበር። በሕዋስ ውስጥ ግን ዲ.ኤን.ኤ. ራቁቱን አይገኝም፤ ሂስቶን በተባሉት ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚገኘው። በ2014 የከርት ዴቪና የዳይሰን ቡድኖች ይህን የተጠመጠመ ዲ.ኤን.ኤ. በክሪስታል መልክ ሲመረምሩ ራፕታ-ሲ በአመዛኙ የሚይዘው ዲ.ኤን.ኤ.ውን ሳይሆን ፕሮቲኖቹን ሆኖ ተገኘ። በተጣማሪዎቹ የተለየው ወንድሙ ግን ዲ.ኤን.ኤ.ውን መረጠ። ቀመር ስለ ሙሙት ሁሉን እንደማይናገር ሁሉ ሙሙትም ስለ ሕዋስ ሁሉን አይናገርም።

ለመምህሩ የሚሰጠው ጥቅም

ይህ ታሪክ ከፍተኛ መሣሪያ ባላቸው ቤተ ሙከራዎች የተፈጸመ ቢሆንም የተመሠረተበት ሐሳብ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊያሳየው የሚችል ነው። መምህሩ ጥቂት የመዳብ ሰልፌት በውሃ ቢያሟማ ሰማያዊ ሙሙት ያገኛል። በዚህ ሙሙት ላይ የምግብ ጨው አብዝቶ ቢጨምር ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ በመዳቡ ዙሪያ ከነበሩት የውሃ ሞለኪውሎች አንዳንዶቹ ስፍራቸውን ለክሎራይድ ለቀዋልና። በላዩ ላይ ውሃ በብዛት ሲጨመር ደግሞ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። በሲስፕላቲን ላይ በሰዓታት የሚፈጸመው የክሎራይድና የውሃ መለዋወጥ እዚህ በቅጽበት በተማሪው ዓይን ፊት ይፈጸማል። መዳብ ሰልፌት መርዛማ ስለሆነ እንዳይቀመስ፣ ከሙከራውም በኋላ እጅ እንዲታጠብ መምህሩ ማስጠንቀቅ ይኖርበታል።

ከሙከራው በኋላ ተማሪዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሊቀርቡላቸው ይገባል። የመጀመሪያው፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቀመር አረንጓዴውን ሙሙት ነው ወይስ ሰማያዊውን የሚወክለው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጨው የበዛበት ደምና ጨው ያነሰበት ሕዋስ ለአንድ የብረት ውህድ ምን ልዩነት ያመጣሉ የሚል ነው። እነዚህን ጥያቄዎች በራሱ አንደበት የመለሰ ተማሪ ስለ ኬሚካዊ ሚዛናዊነት የሚሰጠውን ትርጉም በቃሉ ከሚደግመው የበለጠ ያውቃል።

በመጨረሻም የሮዘንበርግ ቡድን ሥራ ለመምህራን ማሠልጠኛ የሚሰጠው ትምህርት አለ። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሙከራ ከመጽሐፉ የተለየ ውጤት ሲሰጥ «አልተሳካም» ተብሎ ፈሳሹ ይደፋል፤ ተማሪውም መጽሐፉ የሚለውን ውጤት በደብተሩ እንዲጽፍ ይነገረዋል። በሚሺገን የነበሩት ተመራማሪዎች ከሐሳባቸው ጋር የሚስማማ ውጤት አግኝተው እንኳ በዚያ አልረኩም፤ በጠርሙሱ ውስጥ በእርግጥ ያለው ምን እንደሆነ እስኪያውቁ ድረስ መረመሩ። ያልተጠበቀው ቀለም ወይም ያልተጠበቀው ዝቃጭ ከመደፋቱ በፊት ምክንያቱ እንዲጠየቅ የሚያደርግ መምህር ለተማሪዎቹ ከማናቸውም ቀመር የሚበልጥ ነገር አስተምሯቸዋል።